ጅቡ የሰረቀው ዘፈን፦ ከአያት ተረት ሙዚቃዊ ድራማ ስለመሥራት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የሙዚቃ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ለመመረቂያ ሥራዬ አያቴ ትነግረኝ የነበረውን አንድ ተረት ወደ ሙዚቃዊ ድራማ ለመቀየር እየሞከርኩ ነው። እናት ልጆቿን ቤት ዘግታባቸው ገበያ ትሄዳለች። ስትመለስ ደጅ ላይ ቆማ ትዘፍናለች፤ ልጆቹም ድምፅዋን ለይተው ይከፍታሉ። ጅብ ይህን ሰምቶ ዘፈኑን ይማራል። ስምንት ዘፈኖች ጻፍኩለት፤ ለኦርኬስትራም አቀናበርኩት። ለጓደኞቼ ሳሳያቸው ግን ‹ቆንጆ ነው፤ ግን ድራማው ሲቆም ኮንሰርት ይጀምራል፣ ኮንሰርቱ ሲያልቅ ድራማው ይቀጥላል› አሉኝ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? ሌሎች አፍሪካውያንስ እንዴት አድርገው ሠሩት?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ጓደኞችሽን ቡና ጋብዢልኝ። በሽታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግርሽ ተመልካች በገንዘብ አይገኝም። እኔ ለመድረክ ዜማ መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ በሙሉ ይኸው በሽታ ነበረባቸው። ማንም አልነገረኝም፤ አጨብጭበውልኝ ሄዱ።

ጥያቄሽን ሳነብ አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። «ስምንት ዘፈኖች ጻፍኩለት» ብለሻል። ተረቱ ዘፈን የጎደለው፣ አንቺ ደግሞ የሞላሽለት ይመስላል። ተረቱ ግን የራሱ ዘፈን አለው። እናትየዋ ደጅ ላይ የምትዘፍነው ነዋ! አያትሽ እዚያ ጋ ሲደርሱ መናገሩን ትተው አዚመውልሽ መሆን አለበት። ካላዜሙማ ልጆቹ በምን ይለዩዋታል? ያ ዘፈን ጌጥ አይደለም። ቁልፍ ነው። እሱ ከሌለ በሩ አይከፈትም፤ አያ ጅቦም የሚሰርቀው ነገር አያገኝም፤ ተረቱም እዚያው ያልቃል።

በብዙ የአፍሪካ ተረቶች ውስጥ ዘፈን እንዲህ ሥራ ይዞ ነው የሚገኘው። በር ይከፍታል። ከወንዝ ማዶ ያለን ሰው ይጠራል። አውሬ ያስተኛል። የተደበቀ ግድያ ያጋልጣል፤ ሰው ያላየውን ወፍ አይታ ዛፍ ላይ ሆና ትዘፍነዋለች፣ ገዳዩም ይያዛል። የናይጄሪያ ዮሩባዎች እንዲህ ላለው ተረት የሰጡት ስም ራሱ ነገሩን ይናገራል። «አሎ አፓግቤ» ይሉታል፤ አድማጩ አዝማቹን እየተቀበለ የሚነገር ተረት ማለት ነው።

ያንቺ ተረት ደግሞ ሩቅ አገር ዘመድ አለው። በሌሶቶና በደቡብ አፍሪካ የሶቶ ሕዝብ ጽላኔ የምትባል ልጅ ተረት ይናገራል። እናቷ ምግብ ይዛላት ትመጣና በዘፈን ታስከፍታለች። ዲሞ የሚባል ሰው በላ ግዙፍ ዘፈኑን ይሰማል። በጎርናና ድምፁ ሲሞክረው ልጅቷ ትነቃበታለች። ስለዚህ ድምፁን ለማለስለስ የጋለ ብረት ይውጣል። እስቲ አስቢው፤ ተረቱ ራሱ ስለ ድምፅ አወጣጥ ነው የሚያወራው። ለሙዚቀኛ ከዚህ የበለጠ ምን ስጦታ ይመጣል?

ስለዚህ ስምንቱን ዘፈኖች ደርድሪያቸውና አንድ በአንድ አንሺያቸው። አንዱን ስታነሺ ታሪኩ ካልተደናቀፈ ዘፈኑ ትርፍ ነው፤ የፈለገውን ያህል ቢያምርም። ያማል፤ አውቃለሁ። ከስምንቱ አንዱ የገበያ ዘፈን እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ሁሉም ሰው የገበያ ዘፈን ይጽፋል። እኔም ጽፌያለሁ። እናትየዋ ሽንኩርት ስትመርጥ ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል።

ኮንሰርቱን ከወደድሽው ደግሞ በግልጽ ኮንሰርት አድርጊው። ናይጄሪያዊው ሁበርት ኦጉንዴ ያደረገው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ለቤተ ክርስቲያን በሠራው ኦፔራ ጀምሮ በ1945 የራሱን ተጓዥ ቡድን አቋቋመ። ትርዒቶቹ የሚከፈቱት በዘፈንና በውዝዋዜ ነበር፤ ይህ መክፈቻ ከታሪኩ ጋር ብዙ ጊዜ አይገናኝም። ሰዉን ያሟሙቃል፣ ያበቃል፣ ከዚያ ድራማው ይገባል። ማንም አልተታለለም። ችግሩ ኮንሰርቱ ድራማ መስሎ መሃል ላይ ሲቀመጥ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ሥራሽ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

በኔ ግምት የሚያስፈልግሽ አንድ ዘፈን ነው፤ አራት ጊዜ የሚዘፈን። መጀመሪያ እናትየዋ ትዘፍናለች፤ በሩ ይከፈታል። ሁለተኛ ጅቡ ይሞክራል፤ ይነቃበታል። ሦስተኛ ጅቡ አጥንቶ ይመጣል። አራተኛ እናትየዋ ትመለሳለች፤ ልጆቹ ግን አሁን እሷንም አያምኑም። አራተኛው አያትሽ የነገሩሽ ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ጥያቄሽ ላይም አላየሁትም። ግን አስቢው። የመጀመሪያው ዝማሬ ምንም ሳይለወጥ፣ ያው ዜማ፣ ያው ቃል፣ ያቺው ሴት። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እውነተኛዋ እናት መሆኗን ያውቃል። በሩ ግን ዝም። ለዚህ ትዕይንት አንድም አዲስ ኖታ አትጽፊም። ድራማው ራሱ ሙዚቃውን ለውጦታል።

ዝርዝሩን ላሳይሽ። የእናትየዋ ዘፈን ትዝታ ሜጀር ይሁን እንበል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ጆሯችን ቤቱ ያለ የሚመስለው እዚህ ቅኝት ውስጥ ነው። ጅቡ ሲመጣ የዜማውን መውጣትና መውረድ እንዳለ ይይዛል፤ «ሚ»ንና «ላ»ን ግን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይዘፍናቸዋል። ሌላ ምንም አትንኪ። ቃሉ ያው ነው፤ ምቱም ያው ነው። ትዝታ ሜጀሩ ግን ትዝታ ማይነር ሆኗል። ሙዚቃ ያልተማረ ሰው እንኳ «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ይላል። ጅብን ለማሳየት ከበሮ ማስጮህና መብራት ማጥፋት አያስፈልግም። ሁለት ድምፅ ይበቃል።

ሦስተኛው ላይ ነው ጨዋታው የሚመጣው። ጅቡ አሁን ዜማውን አጥንቷል። «ሚ»ና «ላ» ተስተካክለዋል፣ ድምፁም ለስልሷል። ታዲያ በምን ይነቃበታል? እዚህ ጋ አማርኛ ራሱ ይረዳሻል።

የእናትየዋ ስንኝ «እናት አለች፣ ክፈቱ» የሚል ነው እንበል። «አለች» ሲጠብቅ «አለሁ፣ እዚህ ነኝ» ማለቷ ነው። ሲላላ ግን «ብላለች» ይሆናል። በቀጥተኛ ንግግር «ክፈቱ አለች» ነው የሚባለው፤ ግጥም ግን ቃላቱን ማገላበጥ ይፈቅዳል። ጅቡ አላልቶ ቢዘፍነው ትርጉሙ «እናታችሁ ‹ክፈቱ› ብላለች» ይሆናል። ሌባው ሳያውቀው ራሱን መልእክተኛ አደረገ! እናት ራሷ በር ላይ ቆማ «እናት ብላለች» አትልም። ትልቋ ልጅ እጇ መወርወሪያው ላይ እንዳለ ትቆማለች። «ማን ናት ያለችው?» ትላለች። በቃ። ይህቺ አንዲት መስመር ስምንቱን ዘፈን ታስከነዳለች።

ታዲያ ይህን ኖታው ላይ እንዴት ታስቀምጪዋለሽ? ቃሉ ሲጠብቅ «አል» ላይ ድምፁ ይያዛል፤ ጠንካራው ምት ላይ አውለሽ ረዘም ያለ ኖታ ስጪው። ሲላላ ሁለት ፈጣን እኩል ኖታዎች ናቸው፤ ክብደቱ ወደ «ክፈቱ» ይሸሻል። ልዩነቱ የግማሽ ምት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። ዘፋኞችሽ ግጥሙን ከወረቀት ሲያነቡ ሁለቱ አንድ ይመስሏቸዋል። ስለዚህ ከቃሉ በላይ የራስሽን ምልክት አድርጊ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶችም ከቃሉ በላይ ነው የሚጻፉት፤ ሊቃውንቱ ዜማን ከቃል ነጥለው አያዩም። ቀድሞም እዚያው ቤት የነበረ ጥበብ ነው።

የቋንቋውን ድምፅ ካላከበርሽ የሚመጣውን ጣጣ ለማወቅ «ይመታል» የሚለውን ውሰጂ። አላልቶ ሲነበብ ጅቡ መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺ። የመጨረሻው ኅብረ ዝማሬ ላይ «ጅቡ ይመታል» ብለሽ ምቱን ካበላሸሽው፣ ተመልካቹ ማን እንዳሸነፈ ሳያውቅ ቤቱ ይገባል። ቀልድ አይደለም። በልምምድ ላይ ደርሶብኛል። «ገና» ብዬ የጻፍኩት ቃል ሲዘመር የልደት በዓል ሆኖ ወጣ። ዘማሪዎቹ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ።

የዮሩባ ሙዚቀኞች ከኛ የባሰ አለባቸው፤ ቋንቋቸው ድምፀ ልሳን ነው። «ኦኮ» የሚለው ቃል እንደ ድምፁ መውጣትና መውረድ ባል፣ መኮትኮቻ ወይም ተሽከርካሪ ይሆናል። ሚስዮናውያን የእንግሊዝን መዝሙሮች ተርጉመው በራሳቸው ዜማ ሲያዘምሯቸው ቃሉ ትርጉሙን ይስት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት የተሻሉት ዜማ ደራሲዎች መንገዱን ገለበጡት፤ ቃሉ መጀመሪያ ይናገራል፣ ዜማው ይከተለዋል። የዱንዱን ከበሮ «ይናገራል» የሚባለውም ለዚህ ነው። የሚከተለው የቋንቋውን መውጣትና መውረድ ነው።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ ዱሮ ላዲፖ ነው። ላዲፖ በናይጄሪያዋ ኦሾግቦ ከተማ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ ነበር። ለፋሲካ በሠራው ዝማሬ ውስጥ ባህላዊ ከበሮ ስላስገባ ምእመናኑ ተቆጡ። እሱም ሥራውን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 «ኦባ ኮ ሶ» የሚለውን ኦፔራ አቀረበ፤ «ንጉሡ አልተሰቀለም» ማለት ነው። ስለ ኦዮው ንጉሥ ስለ ሻንጎ ነው። ግጥሙን ከውዳሴና ከአስማት ቃል ነው የቀዳው። በ1964 በርሊን ላይ ሲታይ ከተመልካቹ ስንቱ ዮሩባ ይችል ይሆን? ግን ሠራ። ምክንያቱ ይመስለኛል፣ መድረኩ ላይ ማንም ሰው «አሁን ዘፈን ልዝፈን» ብሎ አይቆምም። ንጉሡ ሲናገር ከበሮው ይመልስለታል። ንግግሩ ራሱ ዜማ ነው።

እኛም ጋ እንዲህ በንግግርና በዘፈን መሃል የሚቆም ብዙ አለ። ፉከራ አለ፤ ሽለላ አለ፤ እንጉርጉሮና ሙሾ አለ። ሥራሽ ላይ አንድ ሰው ከንግግር ድንገት ወደ ዘፈን ሲዘል መሃሉ ባዶ ከሆነ፣ እነዚህን ድልድይ አድርጊያቸው። እናትየዋ ባዶ ቤት ብታገኝ እንደ ኦፔራ ዘፋኝ አሪያ፣ ማለትም ረጅም የብቻ ዘፈን፣ አትዘፍንም። ታንጎራጉራለች፣ ከዚያ ድምፅዋ እየሰፋ ይሄዳል። ጅቡም ዘፈኑን ያወቀ ሲመስለው ይፎክር። የሚፎክር ጅብ ልጆችን በሳቅ ይገድላቸዋል።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ተመልካቹ የት ነው?

አንድ ጊዜ አንዲት ባለ ተረት እናትን ስቱዲዮ ውስጥ ልቀርጻቸው ሞከርኩ። ድምፅ የሚያፍን ግድግዳ፣ ጥሩ ማይክሮፎን፣ ውሃ በብርጭቆ። «ተረት ተረት» አሉና ቆሙ። ጠበቁ። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ በእጄ «ይቀጥሉ» አልኳቸው። እንደገና «ተረት ተረት» አሉ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው «እዚህ ሰው የለም እንዴ?» አሉኝ። «የላም በረት» የሚላቸው አጥተው ነው። ሮጬ ገባሁና እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ተረቱ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ቀረጻው ላይ የኔ «እሺ»፣ «ከዚያስ?» ሁሉ አለበት። ከሠራኋቸው ቀረጻዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ይህ የኛ ብቻ አይደለም። ስዋሂሊ ተናጋሪው «ፓውክዋ!» ሲል ሰዉ «ፓካዋ!» ይላል። ዮሩባው «አሎ ኦ!» ሲል «አሎ!» ይመለስለታል። የአውጪና የተቀባይ ነገር ነው። አበባየሆሽ ላይ «ለምለም» የሚሉት፣ ሆያ ሆዬ ላይ «ሆ» የሚሉት ልጆች አድማጭ አይደሉም፤ ዘፈኑ ግማሹ እነሱ ናቸው። አንቺ አዳራሹን አጨልመሽ፣ ሰዉን ወንበር ላይ ደርድረሽ ዝም ካሰኘሽው የተረቱን ግማሽ ቆርጠሽ ጣልሽው ማለት ነው። ከዚያ ጉድለቱን በኦርኬስትራ ለመሙላት ትሞክሪያለሽ። ኮንሰርት የሚመስለው ለዚህ ይመስለኛል።

በዚህ በኩል እንደ ጋናዊቷ ኤፉዋ ሰዘርላንድ ርቆ የሄደ ሰው አላውቅም። የአካን ሕዝብ የአናንሴ ተረቶች አሉት፤ አናንሴ ብልጣ ብልጡ ሸረሪት ነው፤ በኛ የእመት ጦጢትን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ተረቱ ሲነገር ከአድማጮቹ አንዱ ተራኪውን አቋርጦ ዘፈን ያነሳል። ሁሉም ይቀበለዋል፤ ይጨፈራል፤ ከዚያ ተረቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ የዘፈን ጣልቃ ገብነት ምቦጉኦ ይባላል። ሰዘርላንድ ከዚህ ተነሥታ «አናንሴጎሮ» ያለችውን የቴአትር ዓይነት ፈጠረች። አትዊያ በምትባል መንደር ከነዋሪው ጋር ሆና የተረት ቤት እስከማሠራት ደርሳለች፤ ኮድዚዳን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመው «የአናንሴዋ ጋብቻ» ተውኔቷ ላይ ተራኪው መድረኩ ላይ ነው። ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ይተዛዘባል፤ ለተመልካቹ ያሽሟጥጣል። የመድረክ ዕቃ አቀባዩም ሰው ፊት ነው ዕቃውን የሚያቀብለው። ማንም እውነተኛ ቤት አየሁ ብሎ እንዲሳሳት አይፈለግም። ተረት ነዋ!

ልብ በዪ፤ ምቦጉኦም ታሪኩን ያቆማል። የጓደኞችሽ ቅሬታ እዚያስ ለምን አይነሳም? የሚያቋርጠው ተመልካቹ ስለሆነ ነው። አንቺ አቋርጠሽ ዘፈን ስታሰሚው እንግዳ ነው፤ ራሱ አቋርጦ ሲዘፍን ባለቤት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የእናትየዋን ዘፈን አዝማች ገና ከመጀመሩ ለተመልካቹ አስተምሪው። ተራኪዋ ታስተምረው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አዝማቹ ከአምስት ድምፅ አይለፍ። ከዚያ በሩን ለሰዉ ስጪው፤ እናትየዋ ስትዘፍን አዳራሹ ካልተቀበለ በሩ አይከፈት። ጅቡ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ይታይሻል? ያው አዝማች ነው፤ መቀበል ለምደዋል። ግማሹ ሳያስበው ይቀበላል! ልጆቹ «አትክፈቱ!» ብለው ይጮኻሉ። ያን ጊዜ ሙዚቃሽ ጥፋተኛ አደረጋቸው ማለት ነው። ይህን የትኛውም ኦርኬስትራ አይሰጥሽም።

ስለ ኦርኬስትራው ጠይቀሻል መሰለኝ፤ ባትጠይቂም አቀናብረሻል። ክፉ ነው አልልም። ደቡብ አፍሪካዊው ምዚሊካዚ ኩማሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ደርባን ላይ የታየውን፣ ስለ ዙሉዋ ልዕልት ማጎጎ የሚተርከውን ኦፔራ በዙሉ ቋንቋ ሠርቶታል፤ በሙሉ ኦርኬስትራ። ግን መነሻው የልዕልቲቱ የራሷ ዘፈኖች ናቸው። ኡጉቡ የሚባል ባለ አንድ ክር፣ ቅል የተገጠመለት የቀስት መሣሪያ እየመታች ትዘፍን ነበር። ኦርኬስትራውን ያቀናበረው ደግሞ ኩማሎ ሳይሆን ሌላ ባለሙያ ነው። ሁሉንም ብቻሽን መሥራት የለብሽም። ለተመራቂ ተማሪ ይህን መስማት ጥሩ ነው።

እኔ ግን ባንቺ ቦታ ብሆን በአራት በአምስት ሰው እጀምር ነበር። አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ዋሽንት፣ አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮ። ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ ግን እንደ ሰው ያለቅሳል፣ ያሾፋል፣ ይቀጥፋል። ጅቡ ዘፈኑን ሲለማመድ ማሲንቆው ያርመው። ጅቡ ይዘፍናል፣ ማሲንቆው ትክክለኛውን ይመልሳል፣ ጅቡ እንደገና ይሞክራል። መምህሩ የሌባ አስተማሪ ሆነ! አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ማሲንቆና ፒያኖ ስታጋጥሚ ቅኝቱን ለፒያኖው አስገድደሽ አታስተካክዪ። ፒያኖው ዝም ይበል፤ ወይ ሁለቱ ተራ ይግቡ። ጅቦቹ መንጋ ሆነው ከመጡ ደግሞ የእምቢልታ አነፋፍን አስቢ። አንዱ ነፊ ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማው የሚሞላው እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። የጋሞ ዶርዜዎችን የተደራረበ ዝማሬም አዳምጪ። ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ማዜም ከውጭ የመጣ ብቻ እንዳልሆነ ጆሮሽ ይነግርሻል። ስትወስጂ ግን ስማቸውን ጠርተሽ ውሰጂ።

መሣሪያም ገጸ ባሕርይ ሊሆን ይችላል። በምዕራብ አፍሪካ የማንዴ ሕዝብ የሰንጃታ ታሪክ ውስጥ ንጉሥ ሱማንጉሩ ከእሱ በቀር ማንም የማይነካው ባላፎን፣ በዘንግ የሚመታ የእንጨት መሣሪያ፣ አለው። ባላ ፋሴኬ የሚባለው ግሪዮ፣ ታሪክና ውዳሴ በዜማ የሚያወርድ ባለሙያ፣ ሰርቆ ይመታዋል። ንጉሡ ከሩቅ ሰምቶ በቁጣ ይደርሳል። ግሪዮው ሞት ፊቱ ሲቆም ዜማውን ወደ ንጉሡ ውዳሴ ይቀይረዋል፤ ንጉሡም ይረካል። አንድ ሙሉ ትዕይንት፣ ያለ ትርፍ ቃል፣ በአንድ መሣሪያ። ያ ነው የሚባለው ባላፎን ዛሬም ጊኒ ውስጥ በኒያጋሶላ መንደር በአንድ የግሪዮ ቤተሰብ እጅ ይጠበቃል። ያንቺ ተረት ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ ምንድን ነው? በሩ ነው። መወርወሪያው ሲንሸራተት የሚሰማው ድምፅ የምቱ አካል ይሁን። ከበሮ ሳይሆን እውነተኛ እንጨት። ሰዉ ያንን ድምፅ እስኪጠላው ድረስ ተጠቀሚበት።

ሳልረሳው፣ «የልጆች ተረት ነው» ብሎ የሚያጣጥልብሽ ካለ አትስሚው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን የሚባለው፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ»፣ አውሬዎችን እያናገረ ሹማምንትን ይነቅፍ ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የኡጋንዳው ባይረን ካዋድዋም በዶሮዎች ታሪክ ሙዚቃዊ ተውኔት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራው ሌጎስ በተካሄደው የጥቁር ሕዝቦች ፌስቲቫል ላይ ታየ። በዚያው ዓመት በኢዲ አሚን ሰዎች ተገደለ። ጅብ በእናት ድምፅ የሚያስከፍተው በር፣ አዋቂም የሚያውቀው በር ነው። አንቺ ግን ፍቺውን አትናገሪ። ተራኪዋ «ይህ ጅብ እንግዲህ…» ብላ ማብራራት ስትጀምር ሥራሽ ስብከት ይሆናል። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ነው፤ ወርቁን ራሱ ያወጣዋል።

አንድ ቀሪ ነገር። ከጸሎትና ከለቅሶ የምትወስጂውን ለይተሽ ውሰጂ። በገናን የመሰለ የጸሎት መሣሪያ መድረክ ላይ ሲወጣ ቅር የሚለው ሰው አለ፤ የሞተ ሰው የተሞሸበትን ግጥም ቤተሰቡ አዳራሽ ውስጥ ቢሰማው ምን ይለዋል? የሙሾን ዜማ አወራረድ ተማሪ፣ ግጥሙን ግን ራስሽ ጻፊው። ወረቀቱ ላይም «ተረት፦ የሕዝብ» ብለሽ አትለፊ። የነገሩሽን ሰው ስም፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ፣ ከራስሽ ስም ቀድመሽ አስቀምጪ።

ሌላውን ትተሽ በዚህ ሳምንት የምትሠሪው አንድ ነገር ነው። የኖታ ደብተርሽን ዝጊውና አያትሽ ጋ ሂጂ። ተረቱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ «ምን ሆነ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። «ጅቡ ሲዘፍን እንዴት አድርገሽ ነበር የምታሰሚው?» በያቸው። መልሱን በቃል አይነግሩሽም፤ ያዜሙልሻል። መቅጃውን አስቀድመሽ ክፈቺ፤ «ተረት ተረት» ሲሉሽም ከማይክሮፎኑ ጀርባ እንዳትሆኚ።